የአውሮፕላን ማረፊያ ምስል በሲሙሌተር፤ የዝርዝርና የፍጥነት ሚዛን ከቢቸናና ከሞጣ መልክዓ ምድር አኳያ

በተለምዶ ሲሙሌተር በመባል የሚታወቀው የምስለ በረራ መሣሪያ አብራሪዎች ከመሬት ሳይነሡ የአውሮፕላንን አያያዝ የሚለማመዱበት ነው። ከመሣሪያው ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ደግሞ በአብራሪው መስኮት በኩል የሚታየውን ዓለም በኮምፒዩተር እየሣለ የሚያቀርበው የምስል ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአውሮፕላን ማረፊያው ምስል ልዩ ቦታ ይሰጠዋል። አብዛኛው የበረራ ክፍል በመሣሪያ ንባብ ሊከናወን ቢችልም፣ ማረፍ በአመዛኙ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት የአብራሪውን ዓይን የሚጠይቅ ተግባር በመሆኑ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ምስሉን ከእውነተኛው ቦታ ጋር ለማመሳሰል ከሚደረገው ጥረት ነው። ሕንፃው፣ ዛፉ፣ አጥሩ፣ የመንደርደሪያው ስንጥቅ ሳይቀር በዝርዝር በተሣለ ቁጥር ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ምስል ሠርቶ ለማውጣት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ጊዜው ሲረዝም የሚታየው እንቅስቃሴ ይቆራረጣል፤ አብራሪው መሪውን ባንቀሳቀሰበትና ምስሉ በተለወጠበት ቅጽበት መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚሠለጥን እጅ የተሳሳተ ልማድ ይይዛል። በአንጻሩ ዝርዝሩ ከመጠን በላይ ከተቀነሰ አብራሪው ከፍታውንና ርቀቱን የሚለካበት ምልክት ያጣል። ስለሆነም የምስሉ አዘጋጅም ሆነ ምስሉን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ዝርዝሩ በየትኛው ቦታ ላይ መዋል እንዳለበት የሚመለከት ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከመዝናኛነት ያለፈ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ ቦሌ በሚገኘው የሥልጠና ተቋሙ የቦይንግ 737፣ 767፣ 777 እና 787፣ የኤርባስ ኤ350 እንዲሁም የቦምባርዲየር ኪው400 አውሮፕላኖችን ሙሉ ሲሙሌተሮች በሥራ ላይ ያዋለ ሲሆን፣ ከአገር ውስጥ አብራሪዎች በተጨማሪ የሌሎች አገሮች ሠልጣኞችም በተቋሙ ተምረዋል። ኪው400 በሀገር ውስጥ በረራ ወደ ደጋማ ከተሞች የሚመላለስ አውሮፕላን በመሆኑ፣ ለአብራሪዎቹ የሚቀርበው የመልክዓ ምድር ምስል የደጋውን ጠባይ በትክክል የሚያሳይ ሊሆን ይገባል።

የደጋው ጠባይ ምን እንደሆነ ለመረዳት የምሥራቅ ጎጃምን አምባ መመልከት ይበቃል። የእነማይ ወረዳ ከተማ ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 540 ሜትር ገደማ፣ የሁለት እጁ እነሴዋ ሞጣ ደግሞ 2 ሺህ 480 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በስተምሥራቅ የዓባይ ሸለቆ በጥልቀት ወርዶ አምባውን ይቆርጠዋል። የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከቢቸና በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ በስተደቡብ ይታያል። በመካከሉ ያለው የጤፍ ማሳ ሜዳማ ነው። ሞጣ በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች የኮድ ዝርዝር ኦ.ቲ.ኤ. በሚሉ ሦስት ፊደላት የተመዘገበች መሆኗ፣ የአገር ውስጥ በረራ በሣርና በአፈር ሜዳዎች ላይ በዳግላስ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ይካሄድ ከነበረበት ዘመን ጋር የሚያስተሳስራት ነው። ዛሬ ለሞጣ የሚቀርበው መደበኛ አገልግሎት የሚሰጥ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ በባሕር ዳር የሚገኘው ሲሆን፣ እርሱም በቢቸና አካባቢ ስሙ ከፍ ብሎ በሚጠራው አርበኛ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ተሰይሟል።

እንግዲህ በቢቸና ወይም በሞጣ ሜዳ ላይ አንድ ማረፊያ በሲሙሌተር ይሣል ቢባል፣ የመጀመሪያው ቁም ነገር ከፍታው ነው። አየሩ በከፍታ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በ2 ሺህ 500 ሜትር ላይ በመደበኛ የአየር ሁኔታ የአውሮፕላኑ እውነተኛ ፍጥነት በመሣሪያው ላይ ከሚነበበው በ13 በመቶ ያህል ይበልጣል። አብራሪው በፍጥነት መለኪያው ላይ 120 ኖት እያነበበ ወደ ማረፊያው ቢቀርብ፣ ነፋስ በሌለበት መሬቱ ከሥሩ የሚያልፈው በ136 ኖት ወይም በሰከንድ በ70 ሜትር ፍጥነት ነው። ይህ አኃዝ የምስሉን ሥራ በቀጥታ ይነካል። ኮምፒዩተሩ በሰከንድ 30 ምስሎችን ቢያወጣ አውሮፕላኑ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 2 ነጥብ 3 ሜትር ይጓዛል። ምስሎቹ ወደ 12 ዝቅ ቢሉ ግን ርቀቱ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። በባሕር ጠለል ደረጃ ለሚገኝ ማረፊያ የተዘጋጀ ምስል ደጋ ላይ የበለጠ የሚቆራረጥ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር በተያያዘ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። የምስል ሥርዓትን ብቃት በሰከንድ በሚወጡት ምስሎች አማካይ ብቻ መለካት አሳሳች ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ምስሎች ወጡ እንበል። ከእነዚህ 59ኙ እያንዳንዳቸው 14 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ብቻውን 174 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ድምሩ በትክክል አንድ ሰከንድ ይሆናል። በሪፖርቱ ላይ “በሰከንድ 60 ምስል” ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በዚያች አንዲት ምስል አውሮፕላኑ 12 ሜትር ያህል በጭፍን ተጉዟል። ይህ ዓይነቱ መደናቀፍ የሚከሰተው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ ዝርዝር ከማከማቻ ወደ ግራፊክስ ካርዱ በሚጫንበት፣ ማለትም አውሮፕላኑ ወደ ከተማውና ወደ ማረፊያው በሚቃረብበት፣ አብራሪው ምስሉን እጅግ በሚፈልግበት ሰዓት ነው።

ዓለም አቀፉ አሠራር ለዚህ ገደብ አስቀምጧል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ክፍል 60 በመባል የሚታወቀው የሲሙሌተር ደንብ እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ ሲውል፣ በከፍተኛዎቹ የሲ እና የዲ ደረጃዎች ለሚመደቡ መሣሪያዎች በአብራሪው ትእዛዝና በመሣሪያው ምላሽ መካከል የሚኖረው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለእነዚሁ ደረጃዎች የምስሉ ስፋት ከ176 ዲግሪ፣ ቁመቱ ከ36 ዲግሪ እንዳያንስ፣ ጥራቱም አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል ከሚገኙት ደቂቃዎች ሁለቱን የሚያህል ነገር ለይቶ እንዲያሳይ ይጠይቃል። እነዚህን ቁጥሮች በማባዛት ብቻ በአንድ ምስል ውስጥ 5 ሚሊዮን 700 ሺህ ነጥቦች እንደሚያስፈልጉ ማስላት ይቻላል። በሰከንድ 60 ምስል ይውጣ ከተባለም በየሰከንዱ ከ340 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ቀለማቸው ተሰልቶ መቅረብ አለባቸው። ይህ ሁሉ አንዲት ሕንፃ ሳትጨመር የሚከፈል ዋጋ ነው።

የሁለት ደቂቃው መመዘኛ ለምስል አዘጋጁ የሚሰጠው ሌላ ጠቃሚ መረጃ አለ። በ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ደቂቃ የሚሸፍነው ስፋት 4 ነጥብ 7 ሜትር ያህል ነው። በ1 ሺህ 600 ሜትር ላይ ወደ 93 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በ500 ሜትር ደግሞ 29 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በመሆኑም አብራሪው ገና 8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሳለ ከ4 ነጥብ 7 ሜትር የሚያንስ ማንኛውም ነገር በስክሪኑ ላይ ራሱን ችሎ አይለይም። የተርሚናሉ መስኮት፣ የአጥሩ ሽቦ፣ የተሽከርካሪው ጎማ በዚያ ርቀት ቢሣሉም አይታዩም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይደክምባቸዋል።

የዝርዝር ደረጃዎች አሠራር የተፈለሰፈው ይህን ከንቱ ድካም ለማስቀረት ነው። አንድ ሕንፃ በሦስት ወይም በአራት ቅጂ ይዘጋጃል። ለምሳሌ ያህል ከቅርብ የሚታየው ቅጂ 40 ሺህ ሦስት ማዕዘኖች፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚታየው 4 ሺህ፣ ከአምስት ኪሎ ሜትር የሚታየው 300 ሊኖረው ይችላል። ሲሙሌተሩ እንደ ርቀቱ አንዱን በሌላው ይተካል። መተካቱ በድንገት ከሆነ ሕንፃው ብቅ እንዳለ ሆኖ የአብራሪውን ዓይን ስለሚስብ፣ በማረፊያ አቅጣጫ ላይ ያሉት ነገሮች የሚተኩበት ርቀት ተራርቆ እንዲቀመጥና ለውጡም ቀስ በቀስ እንዲሆን ይደረጋል። ሌላው ቀላል መፍትሔ ከነጭራሹ የማይታየውን አለመሣል ነው። በገበያ ላይ ከሚገኙ የማረፊያ ሞዴሎች መካከል በተርሚናሉ ውስጥ ያሉ መቀመጫዎችና የሻንጣ መረከቢያዎች ሳይቀሩ የተሣሉባቸው አሉ። ለተመልካች ደስ የሚያሰኙ ቢሆኑም ለሚያርፍ አብራሪ የሚሰጡት ጥቅም የለም።

ደንቡ ምን ከየት ርቀት መታየት እንዳለበት መወሰኑ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ ነው። መንደርደሪያው፣ ወደ እርሱ የሚመሩት የአቀራረብ መብራቶችና የጠርዝ ነጭ መብራቶች ከ8 ኪሎ ሜትር ርቀት መለየት አለባቸው። አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚጓዝባቸው መንገዶች ከ5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የመንደርደሪያው መነሻ መብራቶች ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ይታያሉ። የተርሚናሉ ሕንፃ በዚህ የርቀት ተራ ውስጥ አልገባም።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ መሰል ገጠራማ ማረፊያዎች ደግሞ ተርሚናሉ አነስተኛ ስለሚሆን ሸክሙ ከሕንፃ አይመጣም፤ የሚመጣው ከመሬቱ ነው። የመሬትን ቅርጽ ለመሥራት በነጻ ከሚገኙት መረጃዎች በስፋት የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር የሰበሰበችው የከፍታ መረጃ ነው። መረጃው በ30 ሜትርና በ90 ሜትር ልዩነት በተቀመጡ ነጥቦች ይገኛል። በማረፊያው ዙሪያ 20 በ20 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት በ90 ሜትር ነጥቦች ቢሠራ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሦስት ማዕዘኖች ያስፈልጉታል። በ30 ሜትር ከተሠራ ቁጥሩ ወደ 890 ሺህ ያድጋል። ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በምሥራቅ ጎጃም አምባ ላይ ሁለቱም ብቻቸውን ትክክል አይደሉም። ሜዳማው የጤፍ መሬት በ30 ሜትር ነጥቦች ቢሣል ጠፍጣፋ ነገር በሺዎች በሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖች ተቆራርጦ ከመታየቱ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የዓባይ ሸለቆ አፋፍ በ90 ሜትር ነጥቦች ሲሣል ደግሞ ገደሉ ተድበስብሶ ተዳፋት ይሆናል፤ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን ቁልቁለት በመኪና ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ከእውነቱ እንደሚርቅ ያውቃል። የተሻለው አማራጭ ነጥቦቹን እንደ መሬቱ ጠባይ ማከፋፈል ነው። በሜዳው ላይ ነጥቦቹ ይራራቃሉ፣ በአፋፉና በጮቄ ተረተሮች ላይ ይቀራረባሉ። ለገደሉ ጠርዝ የሚያስፈልገው ወጪ ከሜዳው በተቆጠበው ይሸፈናል።

አፋፉ ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጠው ለውበቱ አይደለም። ከሸለቆው በኩል የሚመጣ አብራሪ መሬቱ ከሥሩ በሺህ ሜትር ርቆ ቆይቶ በድንገት ይቀርበዋል። ነፋስ በአፋፉ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አውሮፕላኑን ያናውጠዋል። ጠርዙ በምስሉ ላይ ከትክክለኛው ቦታ ጥቂት መቶ ሜትሮች ቢዛነፍ ወይም ቢለሰልስ፣ ሠልጣኙ በእውነተኛው በረራ ላይ የሚገጥመውን የርቀት ስሜት ሳይለማመድ ይቀራል።

መንደርደሪያው ራሱ ግን በራዳር መረጃው ላይ መተው የለበትም። የዚህ መረጃ የከፍታ ስሕተት እስከ 16 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል በዝግጅቱ ጊዜ የተቀመጠለት መመዘኛ ያመለክታል። ርዝመቱ 1 ሺህ 200 ሜትር የሆነና በመቶ ሁለት እጅ የሚያዘነብል ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 24 ሜትር ነው። የመረጃው ስሕተት ይህንን ተዳፋት ሊሸፍነው ወይም የሌለ ተዳፋት ሊፈጥር እንደሚችል ግልጽ ነው። በአብራሪዎች ሥልጠና እንደሚታወቀው ወደ ላይ የሚያዘነብል መንደርደሪያ ለሚቀርበው አብራሪ ከእውነተኛው ከፍታው በላይ የሆነ ያስመስለዋል፤ አብራሪውም ለማስተካከል ሲል ከሚገባው በታች ዝቅ ይላል። ጠባብ መንደርደሪያም ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራል። ስለዚህ የመንደርደሪያው ስፋት፣ ርዝመትና ተዳፋት በቦታው በቅየሳ ተለክቶ መግባት ይኖርበታል። ልኬቱ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጨምረው ሸክም እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ ከሞዴሉ ክፍሎች ሁሉ በዋጋው ልክ ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጠው ይኸው ነው።

በመሬቱ ቅርጽ ላይ የሚነጠፈው የአየር ወይም የሳተላይት ፎቶግራፍም የራሱ ሒሳብ አለው። ያው 20 በ20 ኪሎ ሜትር መሬት እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሜትር በሚወክል ፎቶግራፍ ቢሸፈን 400 ሚሊዮን ነጥቦች፣ ሳይጨመቅም 1 ነጥብ 2 ጊጋባይት ይሆናል። ጥራቱ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ ከ13 ጊጋባይት ያልፋል። ለግራፊክስ ካርድ በሚስማማ መንገድ ሲጨመቅ መጠኑ ወደ አንድ ስድስተኛ ሊወርድ ይችላል። ያም ሆኖ ከፍተኛውን ጥራት በማረፊያው አጥር ግቢና በሁለቱም የመቅረቢያ አቅጣጫዎች ባሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መወሰን፣ የቀረውን በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ጥራት መሸፈን የተለመደና የተሻለ አሠራር ነው።

ስለ ፎቶግራፍ ከተነሣ ወቅትም መነሣት አለበት። ሰማዩ ጥርት የሚለው በበጋ በመሆኑ ለዚህ ዓላማ የሚውሉ ፎቶግራፎች በአብዛኛው በደረቁ ወራት የተነሡ ናቸው። በታኅሣሥና በጥር የተነሣ የእነማይ ማሳ ታጭዶ ያለቀ፣ ወደ ቢጫነትና ቡናማነት ያደላ ነው። በነሐሴ ግን ያው መሬት አረንጓዴ ለብሶ፣ ረባዳው ውኃ ቋጥሮ፣ በሣር የተሸፈነ መንደርደሪያ ካለም ከዙሪያው ማሳ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኖ ይገኛል። የክረምት በረራ ደግሞ በደጋው ላይ ከባዱ በረራ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግልበት ሞዴል ለሠልጣኙ ቀላሉን ወር ብቻ ያሳየዋል። የሁለት ወቅት ፎቶግራፍ ማከማቻን በእጥፍ ያሳድጋል እንጂ በበረራው ጊዜ የሚጫነው አንዱ ብቻ በመሆኑ ፍጥነትን አይቀንስም። ቦታ ካለ ሊሠራ የሚገባው ነው።

በጠፍጣፋ ፎቶግራፍ ላይ የሚቆሙት ነገሮች ዛፎችና ቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ ዝርዝርን በጣም መቀነስ የሚያስከትለው ጉዳት ጎልቶ ይታያል። ምልክት የሌለው ባዶ መሬት፣ ልክ እንደ ውኃ ወይም እንደ ጨለማ ሁሉ፣ አብራሪው ከፍ ብሎ የሚበር እንዲመስለው ያደርጋል። በመጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት የማሳ ድንበሮች፣ አጥሮች፣ ጎጆዎችና የባሕር ዛፍ ተራዎች ለአብራሪው ዓይን የሜትር ያህል ያገለግላሉ። በመሆኑም ቁጥራቸው መጠነኛ ቢሆንም ቁመታቸው ትክክል መሆን ይገባዋል። በተዘጋጁ የዛፍ ስብስቦች ውስጥ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዛፎች ናቸው። በባሕር ዛፍ ምትክ አጠርና ሰፋ ያለ የውጭ ዛፍ ከተተከለ አብራሪው ርቀቱን በተሳሳተ መለኪያ ይለካል። ዛፎቹን አንድ በአንድ በሦስት ማዕዘን መሥራት ግን አያስፈልግም። ተሻግረው የተጣመሩ ሁለት ጠፍጣፋ ምስሎች ከሩቅ ለሚታይ ዛፍ በቂ ናቸው። አንዱን ዛፍ አንድ ጊዜ ጭኖ በሺህ ቦታዎች የሚደግመው ዘዴም ግራፊክስ ካርዱን እምብዛም አያስቸግረውም።

የከተማ ምልክት የሆነው ሌላው ነገር የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቢቸናንም ሆነ ሞጣን ከአየር ለሚፈልግ አብራሪ ከሩቅ ቀድሞ የሚታየው በፀሐይ የሚያብረቀርቀው ጣሪያ ነው። ይህን ብልጭታ በቀላል የገጽ ነጸብራቅ ማሳየት ሲቻል፣ እያንዳንዱን ቤት በበርና በመስኮት መሥራት ከንቱ ነው። ለብዙ ቤቶች የሚያገለግል አንድ የጋራ የገጽ ምስል ማዘጋጀት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ማኅደረ ትውስታን ይቆጥባል፤ ጎኑ 4 ሺህ 96 ነጥብ የሆነ አንድ የገጽ ምስል ሳይጨመቅ 64 ሜጋባይት፣ ተጨምቆ ደግሞ 8 ሜጋባይት ያህል ይይዛልና። ሁለተኛውና ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ዋናው ኮምፒዩተር ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስተላልፈውን የሥዕል ትእዛዝ መቀነሱ ነው። መቶ ቤት በመቶ የተለያየ የገጽ ምስል ቢቀርብ መቶ ትእዛዝ ይጠይቃል። በአንድ የጋራ ገጽ ከቀረበ በጥቂት ትእዛዝ ያልቃል። ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ ተገዝቶም ምስሉ የሚቆራረጥበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የትእዛዝ ብዛት ላይ ይገኛል።

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሒሳቡ ይለያል። ከ3 ሺህ 700 ሜትር የማያንሱ ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመርቆ በ2019 የተስፋፋው ተርሚናል፣ በርካታ የቆሙና የሚንቀሳቀሱ አውሮፕላኖች፣ ዙሪያውን የከበበው ከተማ በአንድ እይታ ውስጥ ይገባሉ። የቦሌ ሞዴል የሚቆራረጠው በሕንፃና በቆሙ አውሮፕላኖች ብዛት ሲሆን፣ የገጠር ማረፊያ የሚቆራረጠው በመሬትና በፎቶግራፍ ክብደት ነው። ለአንደኛው የተጻፈ የሥራ ዝርዝር ለሌላው ተገልብጦ ሊሰጥ እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በግል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩት ሲሙሌተሮች በአብራሪነት ፈቃድ ሥልጠና ሙሉውን መሣሪያ ባይተኩም፣ ለትምህርት ቤቶችና ለቴክኒክ ኮሌጆች መግቢያ ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ወደ 37 ሺህ የሚጠጉ ማረፊያዎችን ይዞ የቀረበ ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ በእጅ በዝርዝር የተሠሩት ከ30 እስከ 40 ብቻ ነበሩ። ካይሮና ኬፕታውን ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። የቀሩት በሶፍትዌር ከፎቶግራፍ የተገመቱ ናቸው። ይህ ሶፍትዌር የመሬቱን ምስል በኢንተርኔት እየሳበ ስለሚያቀርብ፣ የግንኙነት መስመሩ ደካማ በሆነበት ወረዳ ዝርዝሩ ሳይደርስ አውሮፕላኑ ሊያልፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ በኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠ፣ መጠነኛ ዝርዝር ያለው የአካባቢ ሞዴል የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

እንዲህ ያለውን ሥራ በውል የሚያሠራ መሥሪያ ቤት “ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል” የሚል ሐረግ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቢያሰፍር የሚረከበው የሚያምር ነገር ግን የሚቆራረጥ ሞዴል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በሰነዱ ላይ ሞዴሉ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ዓይነት፣ አንድ ምስል ሊወስድ የሚችለው ረጅሙ ጊዜ፣ ፍተሻው የሚካሄድበት ሁኔታ በግልጽ ቢቀመጥ ይመረጣል። ፍተሻውም በከተማው ላይ ዝቅ ብሎ በሚደረግ አቀራረብ፣ ደመናና ዝናብ ባለበት፣ ሌሎች አውሮፕላኖች በሚንቀሳቀሱበት ሊሆን ይገባል። ጥርት ባለ ሰማይ ከሩቅ የሚደረግ የርክክብ ትርኢት ምንም አያረጋግጥም። የመንደርደሪያና የመብራት መረጃ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ የካርታና የመሬት መረጃ ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሊጠየቅ የሚችል መሆኑም መታወስ አለበት። ሞዴሉ ሲጠናቀቅ የመነሻ ፋይሎቹ ለአሠሪው እንዲተላለፉ በውሉ ካልተጻፈ፣ በማረፊያው ላይ አንድ ለውጥ ሲደረግ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ሊጠየቅበት ይችላል።

ለውጡ ከተደረገ በኋላ ሞዴሉ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ መታደስ እንዳለበት ቀደም ሲል የተጠቀሰው ክፍል 60 ደንብ ቀነ ገደብ ይሰጣል። አዲስ ወይም የተሻሻለ የአቀራረብ መብራት ሥራ ከጀመረ በ45 ቀናት፣ አዲስ መንደርደሪያ ወይም ቅጥያው አገልግሎት ከጀመረ በ90 ቀናት ውስጥ በምስሉ ላይ መግባት አለበት። ለአዲስ ተርሚናል ሕንፃ የተሰጠው ጊዜ 180 ቀናት ነው።